ደጋኑን የተወ ልጅ
ስለ ጊታር ተጫዋቹ ካርሎስ ሳንታና ትውልድ፣ አስተዳደግና ትዳር በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ የሰጠኝ ርእስ፣ የአንድ የሮክ ሙዚቃ ጊታር ተጫዋች የቤተሰብ ሥር፣ የሙዚቃ አስተዳደግና የፍቅር ሕይወት የሚል ነበር። እንዲህ ያለው ርእስ በተለምዶ የሥራ ፈት ወሬ መሙያ ነው። ማን ማንን አገባ፣ ማን ከማን ተፋታ የሚለው ነገር ለባለሙያዎች ማኅበር ምን ይበጃል ብዬ ጥቂት አመነታሁ። በኋላ ግን ተቀበልኩት፤ የተቀበልኩበትንም ምክንያት አስቀድሜ ልናገር።

ከብዙ ዓመታት በፊት ከመሲንቆ ተጫዋች ቤት የተወለደ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ጣቱ የሠለጠነ፣ ጆሮው የጠራ ልጅ ነበር። አንድ ቀን መሲንቆውን ጥግ አስደግፎ ጊታር እንዳስተምረው ቢጠይቀኝ፣ «የአባትህን ሙያ ልትጥል ነውን?» ብዬ በጓደኞቹ ፊት ገሠጽኩት። ልጁ መልስ አልሰጠኝም፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ክፍሌ አልተመለሰም። የካርሎስ ሳንታናን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። ንግግሬም በዚሁ ሰው ላይ እንዲሆን የመረጥኩት ስለዚህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አስታውቃለሁ።

ካርሎስ ሳንታና የተወለደው ጁላይ 20 ቀን 1947 በሜክሲኮ አገር፣ በሃሊስኮ ግዛት፣ አውትላን ዴ ናቫሮ በምትባል ከተማ ነው። ሃሊስኮ የማሪያቺ ሙዚቃ አገር ናት። ማሪያቺ ማለት ቫዮሊን፣ ትራምፔት፣ ልዩ ልዩ ጊታሮችና ጊታሮን የሚባለው ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ በአንድነት ሆነው የሚጫወቱት የሕዝብ ሙዚቃ ሲሆን፣ ለሰርግም፣ ለልደትም፣ ለቀብርም ሳይቀር ይጠራል። የካርሎስ አባት ሆሴ ሳንታና በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ቫዮሊን ተጫዋች ነበሩ፤ አያቱም እንዲሁ ሙዚቀኛ ነበሩ። እናቱ ሆሴፊና ባራጋን ይባላሉ። ካርሎስ ከተወለዱት ሰባት ልጆች አራተኛው ነው።

እንደ ሆሴ ሳንታና ያለ ሙዚቀኛ ኑሮ ምን እንደሚመስል በዚህ አዳራሽ ለተቀመጠ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሥራ ወዳለበት ይሄዳል፤ ባገኘ ጊዜ ለቤቱ ይልካል፤ ባላገኘ ጊዜ ደግሞ ቤቱ ይጠብቃል። ልጆቹ አባታቸውን የሚያውቁት ከፊቱ ይልቅ በዜማው ነው። ሆሴም ቤተሰባቸውን አውትላን ላይ ትተው ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ አሜሪካ ድንበር ወደ ተጠጋችው ወደ ቲዋና ከተማ ሄዱ። ቆይታቸው በረዘመ ጊዜ ወይዘሮ ሆሴፊና የቤት ዕቃቸውን ሸጠው፣ መኪና ተከራይተው፣ ልጆቻቸውን ሁሉ ጭነው፣ በ1955 ገደማ ባላቸውን ፍለጋ ተነሡ። ልጁ ካርሎስ በዚያን ጊዜ የ8 ዓመት ልጅ ነበር። ባልየው የእንግዶቹን መምጣት አልጠበቁም፤ የመጀመሪያውም አቀባበል ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ዳሩ ግን ሴትዮዋ ወደ ኋላ አልተመለሱም፤ ቤተሰቡም ቲዋና ላይ እንደገና አንድ ሆነ። ስለ ጊታር ተጫዋቾች ሲጻፍ ምስጋናው ዘወትር ለአባት ይሰጣል። እኔ ግን ያ የኪራይ መኪና ባይነሣ ኖሮ የቀረው ታሪክ ሁሉ ባልኖረም ነበር እላለሁ።

አሁን ወደ ሙያችን ልመለስ። ሆሴ ልጃቸውን ቫዮሊን ማስተማር የጀመሩት በ5 ዓመቱ ነው። ልጁ ኖታ ተማረ፣ ቅኝት ተማረ፣ ደጋን መያዝ ተማረ። ነገር ግን መሣሪያውን አልወደደውም። ካደገ በኋላ በሰጠው ቃለ መጠይቅ እንደ ተናገረው፣ የቫዮሊኑን ሽታ፣ ድምፁንና በእጅ ሲያዝ የሚሰማውን ስሜት፣ ሦስቱንም ጠላው። ስለ ሽታው መናገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን መሣሪያን አገጩ ሥር አድርጎ ሰዓታት ለሚቆም ሕፃን እንጨቱና ሙጫው ቀላል ነገር አይደለም።

ቢጠላውም አልተወውም፤ የሚተውበት አቅም አልነበረውምና። ቲዋና የቱሪስት ከተማ ናት። ልጁ በጎዳናዋ ላይ ማስቲካ ሸጠ፤ ጫማ ጠረገ፤ ከሌሎች ልጆች ጋር እየዞረም ከድንበሩ ማዶ ለሚመጡት እንግዶች አንዱን ዘፈን በ50 ሳንቲም ይጫወት ነበር። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸውን ነገር እርሱ በዚህ መንገድ ተማረው። ቆሞ የሚሰማ ሰው መቼ እንደሚሰለች፣ መቼ እጁን ወደ ኪሱ እንደሚሰድ ከፊቱ ማንበብ ቻለ። አዝማሪ ቤት ያደገ ልጅ ይህንን ያውቀዋል፤ በመማሪያ መጽሐፍ ግን አይገኝም።

ጊታርን በ8 ዓመቱ ገደማ ነካ ነካ ማድረግ ቢጀምርም፣ ልቡ በእርግጥ የተነጠቀው ሐቪየር ባቲስ የሚባለውን ወጣት የቲዋና ጊታር ተጫዋች በሰማ ጊዜ ነው። በ2024 ያረፈው ይህ ባቲስ የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ሰው ነበር። ካርሎስን ይዘው ወደዚያ ሙዚቃ የወሰዱት እናቱ ናቸው። አባት በዚያን ጊዜ ለሥራ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻግረው ስለ ነበር፣ ልጁ በጊታር ፍቅር መያዙን እናት በደብዳቤ አሳወቁ።

እነሆ፣ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ብዙ ጊዜ ቆም ብዬ ያሰብኩበት ቦታ ይህ ነው። አባትየው የቫዮሊን ሰው ናቸው። ልጃቸውን ለዓመታት በቫዮሊን ደክመውበታል። አሁን ልጁ የእርሳቸውን መሣሪያ ትቶ፣ በዚያ ዘመን ብዙ ወላጆች እንደ ዱርዬ ጩኸት የሚቆጥሩትን ሙዚቃ ሊጫወት ይፈልጋል። ሆሴ ሳንታና ምን አደረጉ? ያገለገለ ጊብሰን ጊታር ገዝተው ላኩለት። ልጁም ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ምንም ስለማያውቅ፣ ሮጦ ሄዶ የገዛለት አውታር የናይሎን ነበር። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ መቀበያ ማግኔት በመሆኑ የብረት አውታር ካልሆነ የናይሎኑን ንዝረት እንደማይሰማ ለእናንተ መንገር አይገባኝም። ይሁን እንጂ ጊታሩ ደርሶ ነበር፤ ፈቃዱም አብሮ ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። ካርሎስ በቲዋና ዋና ጎዳና ላይ ኮንቮይ በሚባል የምሽት ክበብ፣ ለዕድሜው በማይመጥን ቦታ፣ ሌሊቱን ሙሉ እየተጫወተ ጣቱን አጠነከረ። ቤተሰቡ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲዛወር እርሱ እንቢ ብሎ ወደ ክበቡ ተመለሰ፤ ኋላ ግን ዘመዶቹ መጥተው ወሰዱት። በሚሽን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1965 ጨረሰ፤ ምግብ ቤት ውስጥ ሳሕን አጠበ፤ ማታ ማታ ቢ. ቢ. ኪንግንና ጆን ሊ ሁከርን በሸክላ እየሰማ አጠና። ባንዱንም አቋቋመ። ኦገስት 16 ቀን 1969 በዉድስቶክ የሙዚቃ በዓል ላይ፣ የመጀመሪያው አልበሙ ገና ገበያ ላይ ሳይውል፣ በ400,000 በሚገመት ሕዝብ ፊት ተጫወተ። ከመድረኩ ሲወርድ የ22 ዓመቱ የጎዳና ቫዮሊን ተጫዋች ዓለም የሚያውቀው ሰው ሆኖ ነበር። በ1970 የወጣው «አብራክሳስ» የተባለው አልበም ደግሞ የኮንጋ ከበሮ፣ የብሉዝ ጊታርና የኩባ ምት በአንድ ቤት ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳየ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቫዮሊኑ የት ገባ? ጥያቄው የኔ ብቻ ሳይሆን የሙያችን ጥያቄ ነው።

የጊታር ድምፅ በተፈጥሮው አጭር ነው። አውታሩ ሲመታ ወዲያው ይጮኻል፤ ወዲያውም መሞት ይጀምራል። ቫዮሊን ግን እንደ መሲንቆ ሁሉ ደጋን አለው፤ ደጋኑ በአውታሩ ላይ እስከ ተሳበ ድረስ ለድምፁ ምግብ ስለሚሰጠው፣ ተጫዋቹ እስከ ወደደ ድረስ ድምፁ ይቆያል፤ ሊያብጥ፣ ሊከሳ፣ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። አሁን የሳንታናን አጨዋወት ስሙ። ከሌሎቹ የዘመኑ ጊታር ተጫዋቾች የሚለየው ፍጥነቱ አይደለም፤ ከእርሱ የፈጠኑ ብዙዎች ናቸው። የሚለየው አንዱን ኖታ ይዞ መቆየቱ ነው። ዜማውን እንደ ዘፋኝ ይስበዋል፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድም ሳይዘል ተንሸራቶ ይደርሳል።

ይህንን ያገኘው በቀላሉ አይደለም፤ መሣሪያ አዋቂዎችን አስቸግሮ ነው። ራንዳል ስሚዝ የሚባል የካሊፎርኒያ ባለሙያ ትንሿን የፌንደር አምፕሊፋየር ፈትቶ፣ ውስጧን በትልቅ አምፕሊፋየር ኃይል አጠናክሮ ሲሠራ፣ ከሞከሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሳንታና ነበር። በአድናቆት የተናገራት አንዲት ቃልም «ቡጊ» የሚለው የአምፕሊፋየሩ ስም ሆና ቀረች። የነዚህ ማጉያዎች ጥቅም ድምፅን ማጮኽ ብቻ አልነበረም። ተጫዋቹ በማጉያው ፊት በተገቢው ርቀት ሲቆም፣ ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ አውታሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ አውታሩም እንደገና ማጉያውን ይመግባል። እንዲህ ሲሆን ኖታው አይሞትም። ይህ የሚሆነው ግን በማንኛውም ቦታ አይደለም። ስለዚህ ሳንታና ከትርኢት በፊት መድረኩ ላይ እየተዘዋወረ እያንዳንዱ ድምፅ የት ላይ እንደሚቆይ ይፈልግ፣ ወለሉንም በምልክት ያስታውስ ነበር። በ1976 «አሚጎስ» በተባለው አልበም ውስጥ ያለውን «ኤውሮፓ» የተሰኘ ዜማ የሰማ ሰው የዚህን ድካም ፍሬ ያውቀዋል።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት የሆነው ይህ ነው፤ ልጁ ከአባቱ እጅ ደጋኑን አልቀበልም አለ፤ ካደገ በኋላ ግን ከኤሌክትሪክና ከአየር ሌላ ደጋን ሠራ። የጠላው እንጨቱን ነበር እንጂ የአባቱን ረዥም ድምፅ አልነበረም። ይህ የእኔ አተረጓጐም ነው፤ ከመካከላችሁ በጥቁሮቹ የብሉዝ ሊቃውንት በኩል የመጣ ነው የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እርሱም ሐሰት አይደለም፤ ቢ. ቢ. ኪንግም ጊታርን ያዘፍናልና። ነገር ግን ያ ልጅ ብሉዝን በሰማ ጊዜ በውስጡ ምን ፈልጎ እንደ አገኘ መጠየቅ አለብን፤ ጆሮው የተከፈተው በ5 ዓመቱ፣ በቫዮሊን ነው።

ስለ ራሴ ተማሪ ጥቂት ልጨምር። ከዓመታት በኋላ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር ሲጫወት ሰማሁት። አንዱን የትዝታ ዜማ ሲጫወት ጣቱን በአውታሩ ላይ እያንሸራተተ፣ ድምፁን መሲንቆ እንደሚያስለቅሰው አድርጎ አስለቀሰው። በኋለኛው ጠረጴዛ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ሄጄ ሰላም ልለው ተነሣሁና እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ወደ ሳንታና ቤት ልመለስ። ሙዚቃው በአንዱ ልጅ ብቻ አልቆመም። ታናሽ ወንድሙ ሆርሄም ጊታር ተጫዋች ሆኖ ማሎ የሚባለው ባንድ አባል ነበረ፤ ባንዱም በ1972 «ስዋቬሲቶ» በተባለው ዘፈን ታወቀ። ሁለቱ ወንድማማቾች በ1994 «ሳንታና ብራዘርስ» የሚል አልበም በአንድነት አሳትመዋል። ሆርሄ በ2020 አረፈ።

ኮሚቴው የፍቅሩንም ነገር እንድናገር አዝዞኛልና ወደዚያው ልለፍ። ካርሎስ ሳንታና በ1972 ዴቦራ ኪንግ ከምትባል ወጣት ጋር ተዋወቀ፤ በኤፕሪል 1973 ተጋቡ። ይህች ሴት የማን ልጅ ናት? የሶንደርስ ኪንግ ልጅ ናት። ሶንደርስ ኪንግ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የኖሩ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ሲሆኑ፣ በ1942 የቀዱት «ኤስ. ኬ. ብሉዝ» የተባለው ሸክላ የኤሌክትሪክ ጊታር ከተሰማባቸው የመጀመሪያዎቹ የብሉዝ ሸክላዎች አንዱ ነው። በኋላ ዘመን ከመድረክ ርቀው ለቤተ ክርስቲያናቸው አደሩ። የሜክሲኮው ቫዮሊን ተጫዋች ልጅ የብሉዝ ጊታር ቀደምት ለሆኑት ሰው አማች ሆነ ማለት ነው። እኔ ይህንን ዕድል ብቻ አድርጌ አላየውም። ከሙዚቀኛ ቤት የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመቸው፣ ሌሊት የሚመጣን ሰው በር ለመክፈት የለመደ ቤት ነው። አማቾቹም አብረው ተጫውተዋል፤ ሳንታና በ1979 ባወጣው «ዋንነስ» በተባለው አልበም ውስጥ የሶንደርስ ኪንግ ድምፅ አለበት።

ባልና ሚስቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሽሪ ቺንሞይ የተባለውን ሕንዳዊ መንፈሳዊ መምህር ተከትለው፣ ሳንታና «ዴቫዲፕ» የሚል ስም ተቀብሎ፣ የጸጥታ ኑሮ ኖሩ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተለዩት። ሦስት ልጆች ወለዱ። በ1998 ደግሞ ችግረኛ ሕፃናትን የሚረዳ ሚላግሮ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ዴቦራ በ2007 ፍቺ ጠየቀች፤ ትዳራቸው 34 ዓመት ቆይቶ ፈረሰ። በሁለቱ መካከል የሆነውን ለእነርሱ ልተወው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። የተጓዥ ሙዚቀኛን ቤት የሚያቆመው ቤት የሚቀረው ሰው ነው። ወይዘሮ ሆሴፊና ዕቃቸውን ሸጠው በመኪና የተነሡት፣ ዴቦራም በትዳርና በሥራ 34 ዓመት የቆየችው፣ ስማቸው በሸክላው ልባስ ላይ ሳይጻፍ ነው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ያለን ወንዶች የየቤታችንን ሒሳብ እናውቃለን።

በ2010 ሳንታና ሲንዲ ብላክማን ለተባለች ታዋቂ ከበሮ መቺ የጋብቻ ጥያቄ ያቀረበው ኢሊኖይ ውስጥ በመድረክ ላይ፣ እርሷ ብቻዋን ከበሮ ከተጫወተች በኋላ፣ በሕዝብ ፊት ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ተጋቡ። ሁለተኛዋ ሚስት እንደ መጀመሪያዋ ከሙዚቀኛ ቤት የመጣች ብቻ ሳትሆን ራስዋ ባለሙያ ናት፤ ከባልዋ ጋር ጎን ለጎን ከአንድ መድረክ ላይ ትሠራለች። ጥያቄውን በሕዝብ ፊት ማቅረቡን አንዳንዱ ታይታ ይለው ይሆናል። ዕድሜውን በመድረክ ላይ ለፈጀ ሰው ግን ከዚያ የተሻለ ሳሎን የለውም።

የአባትየውን ፍጻሜ ሳልናገር አልቀርም። ሆሴ ሳንታና በ1997 አረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጃቸው «ሱፐርናቹራል» የተባለውን አልበም አወጣ። ይህ አልበም በ2000 በተደረገው የግራሚ ሥነ ሥርዓት ያገኘው የሽልማት ብዛት የዓለምን ጋዜጦች ሞልቶ ነበር፤ ስለ እርሱ ደግሜ አልናገርም። ከአልበሙ ውስጥ ግን «ኤል ፋሮል»፣ ማለት «ፋኖሱ»፣ የሚል ርእስ ያለው ቃል የሌለው አንድ ዜማ አለ። ረጋ ያለ፣ ጌጥ ያልበዛበት ነው። እርሱም በመሣሪያ ብቻ ለተሠራ ሙዚቃ የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ። ሳንታና ከዴቦራ የወለደው ልጅ ሳልቫዶርም ዛሬ ሙዚቀኛ ነው፤ የሚጫወተው ግን ቫዮሊንም ጊታርም ሳይሆን ፒያኖና ሌሎች ባለ ገበታ መሣሪያዎችን ነው።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ሁለት ሸክላ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው «አሚጎስ» ነው፤ ሁለተኛው የሃሊስኮ የማሪያቺ ቫዮሊኖች የተቀዱበት ነው። የቴክኒክ ክፍሉ ወንድማችን ማጫወቻውን ስላዘጋጀልን አመሰግነዋለሁ። በመጀመሪያ ቫዮሊኖቹን እናሰማለን፤ ቀጥሎ «ኤውሮፓ»ን። ጊታሩ በከፍተኛው ኖታ ላይ ሲቆም፣ የእጅ ሰዓት ያላችሁ ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ ቁጠሩልኝ።